ሰው አልባዋ ጀልባ ቤቷ ስትመለስ

ሬሳው ሐይቁ ዳር ካለው የጀልባ መድረክ ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ተጋድሟል፤ ሰው ሁሉ ከቦት ቆሟል። መርማሪዋ ግን መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ሟቹ አልነበረም። ሳንቃውን በጫማዋ መታ መታ አድርጋ፣ «ይኼ ነገር ሰው ይችላል?» ነው ያለችው።

ይችላል አሏት። አላመነችም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ስታሳድድ የኖረች ሴት ውሃ ትፈራለች፤ ይህን ደግሞ አብሯት ካረጀው ሳጅን በቀር የሚያውቅባት የለም። ሐይቁ ደግሞ የዚያን ሐሙስ ጠዋት አላርፍ ብሎ ነበር። ንፋሱ ይነሳል፣ ይተኛል፣ መልሶ ይነሳል። የታሰሩት ጀልባዎች ከመድረኩ ጋር ይላተማሉ። አንድ በር በነፈሰ ቁጥር ይከፈትና ይዘጋል፤ ተነስቶ የሚያስረው ሰው ግን ጠፋ።

ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ አየች። ሠላሳ አምስት ዓመት የማይሞላው፣ የዋና ልብስ የለበሰ ሰው ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተመቷል፤ ፀጉሩ መሃል ሰማያዊ ቀለም ገብቷል።

«የእኛ ፈታሽ ነው» አለች የጀልባ ሙከራ ጣቢያው ሥራ አስኪያጅ፣ ስልኳን ከእጅ እጅ እያቀያየረች። «የምንሠራውን ሁሉ የሚፈትሽልን እሱ ነበር። ቁጥር ሦስት ናት የመታችው።»

«ቁጥር ሦስት ማን ናት?»

ሥራ አስኪያጇ ወደ ሐይቁ ጠቆመች። አራት መቶ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከሐይቁ ወለል ጋር በሰንሰለት የታሰረ ቢጫ በርሜል ይንሳፈፋል። ከጎኑ ከአንዲት ታክሲ የማትበልጥ ሰማያዊ ጀልባ ቀጥ ብላ ቆማለች። ውስጧ ሰው የለም። ኖሮም አያውቅም።

የጣቢያው ሥራ ይኸው ነው። ነጂ የማይቀመጥባቸው ጀልባዎች ይሠራሉ። ጀልባዋ ያለችበትን ቦታ ከሳተላይት ታውቃለች፤ ከፊቷ ያለውን በጨረር ዓይኗ ታያለች፤ ትእዛዝ ደግሞ ከባሕሩ ዳር በሬዲዮ ትቀበላለች። ቁጥር ሦስት ቅዳሜ ለከተማው መዋኛ ዳርቻ ልትሰጥ ነበር፤ ከዋናተኞች መሃል እየተዘዋወረች ልትጠብቃቸው።

«ሪፖርቱን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ የነጂ ስህተት ነው» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«ሬሳው ሳይደርቅ?» አለቻት መርማሪዋ። «ጎበዝ ነዎት።»

ነጂ የተባለው መድረኩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። የተጠቀለለ የጀልባ ማሰሪያ ገመድ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ልቀቅ ቢሉት አይለቅም። ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ በመርማሪዋ ጆሮ አንድ ቃል ጣል አደረገ። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነበር።

«ተነስና መቆጣጠሪያ ክፍሉን አሳየኝ» አለችው መርማሪዋ።

*

መቆጣጠሪያ ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ስክሪን፣ አንድ ትልቅ ቀይ ማቆሚያ ቁልፍ። መርማሪዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ወዲያው መወዝወዝ ጀመረ። ይህ ልማዷ ነው። አንድ ነገር አልዋጥ ሲላት ጉልበቷ ዕረፍት ያጣል።

«ከመጀመሪያው ንገረኝ። አትቸኩል፤ እኔ እቸኩልልሃለሁ።»

ታናሽየው ምራቁን ዋጠ። «አንድ ተኩል ላይ መድረኩ ላይ ቀሰቀስኳት።»

«ቀሰቀስኳት?»

«አበራኋት ማለቴ ነው፤ እኛ እንደዚያ ነው የምንለው። ከዚያ ካፒቴኑ በሞተር ጀልባው ወንድሜን ወደ በርሜሉ ወሰደው። በርሜሉ ሥር ውሃ ውስጥ ድምፅ የሚሰማ መሣሪያ ታስሯል፤ እሱን ሊጠግን ነው። ቁጥር ሦስትን አስከትለዋት ሄዱ። ዓይኗን የሠሩት መምህራችን ጋሼም ልያት ብለው አብረው ወጡ። ከዚያ ጋሼና ካፒቴኑ ተመለሱ፤ ወንድሜ እዚያው ቀረ። እኔ ጀልባዋን ወደ ማዶ ልኬ ማመላለስ ጀመርኩ።»

«እና?»

«ሁለት ሰዓት ከአርባ አንድ ላይ ሬዲዮው ጠፋ። ድርግም።» እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። «አልደነገጥኩም። ሬዲዮ ከጠፋባት በራሷ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሕጉ ነው። እና... ገመዴን ይዤ መድረኩ ላይ ወጣሁ፤ ስትመጣ ላስራት። ቆሜ ስጠብቃት አቅጣጫዋን አዞረች። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሱ። ጮህኩ። አንገቱን ደፍቶ ሽቦ ያስራል። ሞተሯ የኤሌክትሪክ ነው፤ ድምፅ የላትም። ሮጬ ተመልሼ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩት። ሬዲዮ በሌለበት ቀዩ ቁልፍ ምን ይሠራል? እየተጫንኩት...»

መጨረስ አቃተው። በሩ ደግሞ ተላተመ።

«እማዬ ደውላ ነበር» አለ ቆይቶ። «አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ‹አንተ ነህ ስትነዳት የነበርከው?› አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስደውል አታነሳም። እውነቷን ነው። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«እሱን የምወስነው እኔ ነኝ» አለች መርማሪዋ፣ ቆጣ ብላ። «አሁን የምጠይቅህን መልስ። ቤቷ የምትለው የት ነው? ማን ነገራት?»

«ማንም አይነግራትም። የነቃችበት ቦታ ቤቷ ነው። ስትበራ ከሳተላይት ያለችበትን ታነባለች፤ እሱን ቤቴ ብላ ትይዛለች። እኔ ደግሞ የቀሰቀስኳት እዚሁ መድረኩ ላይ ነው። ሰው ሁሉ አይቶኛል።»

«ከዚያ በኋላ ተኝታ አልነቃችም?»

«አልተኛችም። ሁለት ከአስር ላይ፣ እነጋሼ ገና በርሜሉ ጋ ሳሉ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ከሬዲዮ ጠፍታ መጣች እንጂ። እሱማ የተለመደ ነው፤ በቀን አሥር ጊዜ ያጋጥመናል። ማንም ልብ አይለውም።»

የመርማሪዋ ጉልበት ቀጥ አለ። ሳጅኑ ይህን ሲያይ ማስታወሻውን አወጣ፤ ያቺ ጉልበት ስትቆም አንድ ነገር እንደተያዘ ያውቃላ።

«ከመታችው በኋላስ የት ሄደች?»

«የትም። በርሜሉ ጋ ሞተሯን አጥፍታ ቆመች። ሬዲዮው ሁለት ከሃምሳ ሦስት ላይ በራሱ መጣ።»

«በራሱ» አለች መርማሪዋ። «ደግ ሬዲዮ ነው።»

*

ካፒቴኑ ስልሳ ሊሞላው ነው፤ ቆዳው በፀሐይ የጠቆረ፣ ሲናገር ሐይቁ ማዶ ያለ ሰው የሚያናግር ይመስል የሚጮህ። ከሟቹ ጋር ሰኞ ዕለት አንገት ለአንገት ሊተናነቁ ደርሰው እንደነበር ሦስት ሰው ነግሯታል።

«ተጣልተን ነበር፤ አልክድም!» አለ። «ነፍሱን ይማረውና አፉ አያርፍም። ሞተርህ ዘይት ያንጠባጥባል፣ መልሕቅህ ዝጓል፣ ገመድህ ሳስቷል። በየቀኑ! እኔ ሐይቁ ላይ ስኖር እሱ አልተወለደም። ግን እመቤቴ፣ ያለው ሁሉ ልክ ነበር። ዘይቱ ያንጠባጥባል።»

«እነዚህ ጀልባዎች ነገ ሥራዎን ይነጥቁዎታል ይባላል።»

«ይንጠቁኝ! ጡረታዬ ደርሷል። ልተኛበት።»

«በርሜሉ ጋ ስትደርሱ ምን አያችሁ?»

«ምን አያለሁ? እሱ ወደ ውሃው ወረደ። ጋሼ ጎንበስ ብለው የቁጥር ሦስትን ዓይን በመሀረብ ወለወሉ፣ ኮፈኗን ድርግም አድርገው ዘጉ፣ እግሬን በረደኝ መልሰኝ አሉ። ይዣቸው ተመለስኩ። እኔ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባሁ፤ ሽቦ አምጣልኝ ብሎኝ ነበር። ጩኸት ስሰማ ሮጬ ጀልባዬን አስነሳሁ። በእጄ ነው ያወጣሁት።» ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «ሞት ይርሳኝ፣ ሽቦው እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው።»

«ቁጥር ሦስት ሰው ፊት ትቆማለች ይባላል። አይተዋል?»

«እንዴ! እንግዳ በመጣ ቁጥር ባሕሩ ዳር ውሃው እስከ ወገቤ ይዞኝ የሚያቆሙኝ እኔን አይደል? ከነፍጥነቷ ትመጣና አምስት ሜትር ሲቀራት ቀጥ! ሃያ ጊዜ ቆሜላታለሁ። ዐይኔን ጨፍኜ እቆምላታለሁ።»

*

ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ውስጥ ሦስት ስልክ በየተራ ይጮሃል።

«ቅዳሜ ከንቲባው ይመጣል፣ ጋዜጠኛ ይመጣል» አለች። «ሰው መሞቱ ያሳዝነኛል። ግን የአንድ ልጅ ስህተት የሠላሳ ሰው ልፋት ማበላሸት የለበትም።»

«ሟቹ ጀልባዋ እንድትወጣ ፈርሞ ነበር?»

ሥራ አስኪያጇ ስልኩን ገለበጠችው። «አልፈረመም። ረቡዕ ጠዋት ፈርም አልኩት፣ እምቢ አለ። ለምን ብለው፣ ‹ቀድሞ መስማት ለሚገባው ሰው ነግሬያለሁ፤ እስከ አርብ ታገሺኝ፣ ያኔ ትሰሚያለሽ› አለኝ። ቆሽቴ አረረ። አንድ ቃል ቢነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ጩኸቱን ስትሰሙ ማን ማን መድረኩ ላይ ደረሰ?»

«እኔ ከቢሮ ሮጥኩ። ልጁ እዚያው ነበር። ካፒቴኑ ጀልባው ላይ። ጋሼ መጨረሻ ነው የደረሱት፤ እግራቸው ያስቸግራቸዋል።»

*

ጋሼ የሚሠሩበት ክፍል ከሁሉም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ጣሪያው ላይ የሬዲዮው ምሰሶ ተተክሏል። ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ሸበቶ፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው ናቸው። የጣቢያው ሠራተኛ ግማሹ የእሳቸው ተማሪ ነው። ታናሽየው ትምህርቱን አቋርጦ በየመንገዱ ሲንከራተት ወስደው ያስተማሩት፣ ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል ሰጥተው ከማዕዳቸው ያበሉት እሳቸው ናቸው። የቁጥር ሦስትን ዓይን የሠሩትም እሳቸው ናቸው፤ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

«እግዜር ያጥናዎት፤ ለእርስዎም ልጅዎ ማለት ነበር» አለቻቸው መርማሪዋ።

«ሁለቱም ልጆቼ ናቸው» አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ትንሹን ተዉልኝ። እሱ ምንም አላጠፋም። ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ይጠፋል።»

«ሬዲዮ ጠፋ እንበል። ዓይኗስ? ከፊቷ ሰው ነበር'ኮ።»

ሽማግሌው መሀረባቸውን አጣጠፉ። «የእኔ ዓይን ውሃ ላይ የተጣለች ቆርኪ ታያለች። ካላየች... ጠፍታ ነበር ማለት ነው። ማብሪያ ማጥፊያ አላት። ጠዋት ሳትበራ ቀርታ ይሆናል።»

«ማን ነው የሚያበራት?»

መሀረባቸውን ኪሳቸው ከተቱ። የሚያበራት ታናሽየው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

መርማሪዋ ወንበር ላይ መቀመጥ አልሆነላትም። ተነስታ ክፍሉን ዞረች፤ መስኮቱ ጋ ቆመች። የምሰሶው ኬብል በመስኮቱ ገብቶ ግድግዳው ላይ በእጅ በሚጠበቅ የነሐስ ብሎን ይያያዛል። ሌላው ኬብል ሁሉ መጋጠሚያው በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ብዙ ዓመት የቆየ፣ አቧራ የጠጣ ፕላስተር። ይህኛው ብቻ ራቁቱን ነው፤ ነሐሱም ያብረቀርቃል። መስኮቱ ደግሞ ቢጫውን በርሜል ፊት ለፊት ያያል።

ስትወጣ የሟቹን ቁም ሣጥን አስከፈተች። የዋና መነጽር፣ የመዋኛ የእግር ክንፍ፣ መጻሕፍት፣ ከሥር ደግሞ አንድ የእግር ኳስ። ኳሱ ዙሪያውን በሰማያዊ ቀለም ተፋፍቋል። አንድ ጎኑ ላይ በእስኪርቢቶ ‹ሃያ ሳንቲ ሜትር› ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ‹አላየችም› የሚል ቃል ሰባት ጊዜ።

«እዚህ ኳስ የሚጫወት አለ?» አለችው ሳጅኑን።

«ማንም የለም።»

መርማሪዋ ኳሱን አገላበጠችው። ከዚያ፣ ምን እንደታያት እንጃ፣ ኳሱን ከአገጯ ሥር አስገብታ ከራሷ ጋር አስተያየችው። ሳጅኑ አበደች እንዴ ብሎ ተመለከታት።

*

አርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አራቱንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው። ንፋሱ ከትናንቱ ብሷል። መርማሪዋ ዳር ዳሩን ሳይሆን መሃል ለመሃል ትንጎራደዳለች፤ ሦስት ርምጃ ወደዚህ፣ ሦስት ርምጃ ወደዚያ። ቁጥር ሦስት ከመድረኩ ጎን ቆማለች። መቆጣጠሪያ ክፍሏ ውስጥ ሳጅኑና አንድ የፖሊስ ቴክኒሻን ተቀምጠዋል።

«አላስቸግራችሁም» አለች። «ጋሼ ትናንት እንደነገሩኝ አስመርምሬ ነበር። እውነታቸውን ነው። ዓይኗ ሳትበራ ቀርታለች።»

ታናሽየው ወለሉን አየ። ሽማግሌው ቀና አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን ሰበሩ።

«አሁን በርታለች። ሰው ፊት መቆሟን በዓይኔ ካላየሁ ግን መዝገቡን አልዘጋም። አንድ ሰው ይግባልኝ። እንደ ሟቹ፣ እስከ አንገቱ።»

«እኔ እገባለሁ» አለ ካፒቴኑ።

«ታናሽየው ይግባ» አለች መርማሪዋ።

«ምን ማለት ነው?» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ትቆማለች፤ እሱ አያጠያይቅም። ግን ልጁ ሐዘን ላይ ነው።»

ታናሽየው ግን ሸሚዙን አውልቆ ነበር። ማንንም ሳያይ መሰላሉን ወረደ፤ ዋኝቶ አርባ ሜትር ያህል ራቀና ዞሮ ቆመ። ከውሃው በላይ የሚታየው ጭንቅላቱ ብቻ ነው፤ ሞገዱ አንዴ ይሸፍነዋል አንዴ ይገልጠዋል።

መርማሪዋ እጇን አነሳች። ቁጥር ሦስት ያለ ድምፅ ከመድረኩ ተለየች። ክብ ዞረች፣ አፍንጫዋን ወደ ልጁ አደረገች፣ ፍጥነት ጨመረች።

«ትቆማለች» አለ ካፒቴኑ እጁን አጣምሮ። «አሁን ታዪያታለሽ።»

«ትቆማለች» አለች ሥራ አስኪያጇም፤ ሰዓቷን እያየች።

መርማሪዋ ጀልባዋን አላየችም። የምታየው ሌላ ነገር ነበር። የሽማግሌው ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣውም። መሀረባቸው ከእጃቸው ወደቀ። ጀልባዋ ሠላሳ ሜትር ሲቀራት አንድ ርምጃ ወደፊት ሄዱ፤ ሃያ አምስት ሲቀራት ሌላ።

«ውጣ!» አሉ። ያ ለስላሳ ድምፅ ከየት እንዳመጣው እንጃ ሐይቁን አናወጠው። «ልጄ ውጣ! አታይህም! ጭንቅላት አታይም! አቁሟት!»

ከዚያ ከነጫማቸው፣ ከነኮታቸው ዘለው ውሃ ውስጥ ገቡ። መዋኘት እንደማይችሉ ሁሉም ያውቃል።

ካፒቴኑ ምንም ሳይጠይቅ ተከትሏቸው ዘለለ። ቁጥር ሦስት ከልጁ አሥር ሜትር ሲቀራት በድንገት ተንገጫገጨች፤ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ተነሳ፤ ባለችበት ውሃውን እየገረፈች ቀረች። ከኋላዋ አንድ የተወጠረ ወፍራም ገመድ ከውሃው ብቅ አለ።

«ገመዱን ማታ ሳጅኑ ነው ያሰረው» አለች መርማሪዋ ለሥራ አስኪያጇ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «ልጁ ያውቃል። ለማንም እንዳይተነፍስ አስምየዋለሁ። እኔ በሰው ነፍስ አልቀልድም።» እንዲህ ብላ መድረኩ ላይ ቁጭ አለች።

*

ሽማግሌውን አውጥተው ብርድ ልብስ አለበሷቸው። ያስላሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ። ታናሽየው ውሃው እየተንጠባጠበበት ፊት ለፊታቸው ቆመ። እስካሁን አልገባውም፤ ጋሼ ሊያድኑት መዝለላቸውን ብቻ ነው የሚያውቀው።

«ትናንት ቆርኪ ታያለች ብለውኝ ነበር፤ ዛሬ ጭንቅላት አታይም» አለች መርማሪዋ። «የትኛውን ልያዝ ጋሼ?»

ብርድ ልብሱን ወደ አንገታቸው ሳቡ።

«እሺ፣ እኔ ልንገራችሁ። ዓይኗ ሳትበራ ቀረች ያልኩት ለወጥመድ ነው፤ በርታ ነበር። ይቺ ጀልባ ተሳስታ አይደለም ፈታሹን የመታችው። የታዘዘችውን ነው የፈጸመችው፤ ሬዲዮ ጠፋባት፣ ቤቷ ተመለሰች። ከመታችው በኋላ እንኳ የትም አልሄደችም። በርሜሉ ጋ ሞተሯን አጥፍታ ቆመች፤ ቤቱ የደረሰ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ታዲያ በርሜሉን ቤቷ ያደረገው ማን ነው?»

«እኔ መድረኩ ላይ ነው የቀሰቀስኳት!» አለ ታናሽየው።

«አንተማ ልክ ነህ። ግን ሁለት ከአስር ላይ ለአንድ ደቂቃ ጠፍታ መጣች አላልከኝም? ሬዲዮው አልነበረም። አንድ ሰው በርሜሉ ጋ አጥፍቶ ቀሰቀሳት። ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም፣ የይለፍ ቃል አያስፈልግም። ኮፈኗን ከፍቶ ማብሪያውን ወደ ታች፣ መልሶ ወደ ላይ። የምትጠፋው በየቀኑ ስለሆነ ማንም ልብ አይልም። ካፒቴን፣ በዚያ ሰዓት ኮፈኗን የዘጋው ማን ነበር?»

ካፒቴኑ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ጋሼ ናቸው» አለ ቀስ ብሎ።

«ቀጥሎ ሬዲዮው መጥፋት ነበረበት። ሁለት ከአርባ አንድ ላይ ጠፋ፤ ሁለት ከሃምሳ ሦስት ላይ፣ እናንተ እዚህ ስትጮኹ፣ ‹በራሱ› ተመለሰ። የምሰሶው ኬብል የሚያልፈው በጋሼ ክፍል ነው። ፕላስተሩ ተልጧል፤ ብሎኑ በጣት ተፈትቶ በጣት ታስሯል። መድረኩ ላይ መጨረሻ የደረሱት እርስዎ ነዎት ጋሼ። እግርዎ አይደለም ያዘገየዎት።»

«ካፒቴኑም በርሜሉ ጋ ነበር» አለች ሥራ አስኪያጇ፣ ማመን አቅቷት። «እኔም ለክፍሉ ቅርብ ነኝ።»

«ልክ ነው። እኔንም ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው። ግን አንድ ነገር አስቡ። ጀልባዋ ሰው ፊት ትቆማለች ብሎ የሚያምን ሰው በጀልባዋ ሰው እገድላለሁ ብሎ ያስባል? ካፒቴኑ ሃያ ጊዜ ቆሞላታል። እርስዎ ቅዳሜ ከዋናተኞች መሃል ሊለቋት ነበር። ዛሬም ሁለታችሁ ትቆማለች ብላችሁ እጃችሁን አጣምራችሁ አያችሁ። የገደለው ግን እንደማትቆም ያወቀ ሰው ነው።» ኳሱን ከቦርሳዋ አወጣች። «ይህን ያገኘው ፈታሹ ነው። ወገቡ ድረስ የቆመ ሰው ፊት ትቆማለች። የሚዋኝ ሰው ግን ከውሃ በላይ ያለው ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ኳስ አንሳፍፎ ሰባት ጊዜ ላካት፤ ሰባት ጊዜ ረገጠችው። ሥራ አስኪያጇን ለሚገባው ሰው ነግሬያለሁ አላት። ዓይኗን ከሠራው ሰው በፊት ይህን መስማት የሚገባው ማን ነበር?»

ነፋሱ ብርድ ልብሱን ሊገልጠው ታገለ። ሽማግሌው ጥርሳቸው እየተጋጨ ተናገሩ።

«ሞገድ ባየች ቁጥር ትቆም ነበር። በየደቂቃው። ሰው ይስቅብኝ ነበር። ከግማሽ ሜትር በታች ያለውን ሁሉ ናቂው አልኳት። ከዚያ ወዲያ ሳትቆም ሄደች፤ ሁሉም አጨበጨበ። ማክሰኞ ማታ ቤቴ መጣ። በር ዘግቶ፣ ዝቅ ብሎ ነገረኝ። ‹ጋሼ፣ በእኔ አፍ አይሁን፣ እርስዎ ራስዎ ይንገሯት፤ እስከ አርብ እጠብቃለሁ› አለኝ። አክብሮኝ ነው። ዘጠኝ ዓመቴን፣ ስሜን... ነገሩን ሳሰላስል ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።»

«ቅዳሜስ? ዋናተኞቹስ?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«ቀስ ብዬ አስተካክላታለሁ ብዬ ነበር። ማንም ሳያውቅ።»

መርማሪዋ ወደ ታናሽየው ዞረች። እንዲህ ያለ ነገር መናገር አትወድም፤ ቢሆንም ተናገረች። «ስማኝ። አንተ ያደረግከው ሕጉን ነው። ገመድህን ይዘህ ስትጠብቅ ወንድምህን የገደለ ሌላ ሰው ነው። ለእናትህ ዛሬ እኔ ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ።»

የሰማት አይመስልም። ዓይኑን ከሽማግሌው ላይ አላነሳም።

«ጋሼ፣ መዋኘት አይችሉም» አለ።

«አልችልም።»

«ሊሞቱ ይችሉ ነበር።»

«አንተ እንድትሞት ማየት አልቻልኩማ።»

«ለእኔ ዘለሉ» አለ ታናሽየው። «መስኮትዎ ከበርሜሉ ፊት ለፊት ነው ያለው። ለእሱስ?»

ሳጅኑ ሊያነሳቸው እጁን ዘርግቶ ነበር፤ መርማሪዋ ቆይ አለችው።

«ለመስኮቱ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ።

ታናሽየው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ ጠርተውታል፤ ሳጅኑ ደግፎ ወደ መኪናው ሲወስዳቸውም «ልጄ» እያሉ ጠርተውታል። አልመለሰላቸውም።